ምዕራፍ 3፦ ውሻ ምን አገባት ከእርሻ?

ከደጀን ተነሥቶ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅንና ሞጣን እያቋረጠ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ በኅዳርና በታኅሣሥ የተጓዘ ሰው ግራ ቀኙ ክምር እንደነበር ያስታውሳል። ጤፉ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ አውድማው ተለቅልቆ የውቂያውን ቀን ይጠብቃል። የዓመት ልፋት ሜዳ ላይ የሚያድርበት ወቅት ነው። ገበሬው ጋቢውን ተከናንቦ ከክምሩ ሥር ጋደም ይላል፤ ውሻው ደግሞ ክምሩንም፣ በረቱንም፣ ጌታውንም ከሚያይበት ጉብታ ላይ ይተኛል። ሌሊት ከወንዙ በኩል ጅብ ሲንቀሳቀስ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው። ሰውየው ዐይኑን ሳይገልጥ የውሻውን ጩኸት ያዳምጣል። ለመንገደኛ ይሁን፣ ለጅብ ይሁን፣ ለሌባ ይሁን ከአጯጯሁ ይለየዋል። ከዚያ ወይ ዱላውን ይዞ ይነሣል፣ ወይ ጋቢውን ስቦ ይተኛል።

ሲነጋ ይኸው ውሻ ወደ ማጀት ብቅ ካለ «ክላ!» ይባላል።

«ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» ይላል ተረታችን። ሰው በማይመለከተው ጉዳይ ጥልቅ ሲል የሚነገር ነው፤ ለሰው ምክር ሆኖ ሲቀርብ ይሠራል። ስለ ውሻ ታሪክ ከሆነ ግን ተረቱ ተሳስቷል። ውሻን ከእርሻ ጋር የሚያገናኘው ነገር በአንጀቱ ሳይቀር ተጽፏል። የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ደጃፍ ላይ የሚያድረው ውሻ ዘሩ የማይታወቅ «ተራ ውሻ» ተብሎ ይናቃል፤ የሰውን ልጅ የቀድሞ ኑሮ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ግን ከየትኛውም ባለ ስም ዝርያ የበለጠ የሚነግረው አለው። አብዛኞቹ ስመ ጥር የውሻ ዝርያዎች በአውሮፓ ተመርጠው የወጡት ባለፉት 200 ዓመታት ውስጥ ነው። የጎጃሙ ውሻ እንደዚያ ማንም መርጦ አላዳቀለውም፤ ራሱ ተዋልዶ፣ ራሱ ተርፎ፣ ሰው ደጃፍ ላይ እንደኖረ ዛሬ ደርሷል።

ማን ነበር?

የውሻ ቅድመ አያት ግራጫው ተኩላ ነው። በትክክል ለመናገር፣ ዛሬ በሕይወት የሌለ የግራጫ ተኩላ ወገን ነው። በዚህ ላይ የዘረ መል ተመራማሪዎች ይስማማሉ። በእኛ ደጋ የሚኖሩት የዱር ዘመዶቹ ወላጆቹ አይደሉም። ቀይ ቀበሮ ራሱን የቻለ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኝ ዝርያ ነው። ለረጅም ጊዜ እንደ ተራ ቀበሮ ይቆጠር የነበረውና በእኛም ደጋ የሚገኘው ሌላው እንስሳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት የተኩላ ወገን መሆኑ ታውቋል፤ ዛሬ የአፍሪካ ተኩላ ይባላል። ሁለቱም ለውሻ የአጎት ልጆች ናቸው።

መላመዱ የተጀመረበት ዘመን ዛሬም ያከራክራል። ቢያንስ ከ14,000 ዓመት በፊት ግን ውሻ የሚባል እንስሳ ከሰው ጋር ይኖር እንደነበር አጥንቱ ምስክር ነው። በግ፣ ፍየልና ከብት ከመላመዳቸው በፊት፣ ስንዴና ገብስ ከመዘራታቸው በፊት ማለት ነው። ሰው ገና ጎተራ ሳይኖረው፣ በረት ሳይኖረው፣ ውሻ ነበረው።

መቃብሩ የሚናገረው

እ.ኤ.አ. በ1914 በጀርመን አገር፣ ቦን አጠገብ ኦበርካሰል በተባለ ቦታ፣ ድንጋይ የሚያወጡ ሠራተኞች አንድ መቃብር አገኙ። ውስጡ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት አፅም ነበር። ከእነሱ ጋር የተገኘው የውሻ አጥንት በሚገባ የተጠናው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ዕድሜው 14,200 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ውሻው ሲሞት ሰባት ወር ያልበለጠው ቡችላ ነበር።

ይህን ቡችላ ልዩ የሚያደርገው ጥርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በጥርሱ ላይ የቀረው ጠባሳ ዲስቴምፐር የተባለው የውሻ በሽታ ደጋግሞ እንደጣለው ይመሰክራል። በዚህ በሽታ የተያዘ ቡችላ ይተፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ መቆም ያቅተዋል። ውኃ የሚያቀርብለት፣ የሚያሞቀው፣ የሚያጸዳው ከሌለ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ይህኛው ግን ለሳምንታት ኖሯል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለአደን አይጠቅም፣ ለጥበቃ አይጠቅም። የሆነ ሰው ግን ያለ ምንም ጥቅም አስታመመው፤ ሲሞትም ከሰው ጋር ቀበረው።

ሁለተኛው መቃብር ለእኛ ቅርብ ነው። በላይኛው የዮርዳኖስ ሸለቆ፣ ዐይን ማላሐ በተባለ ስፍራ፣ 12,000 ዓመት ገደማ የሆነው የአንድ ሰው አፅም ተገኝቷል። እጁ ከራሱ አጠገብ ባለ ቡችላ ላይ እንዳረፈ ነው የተቀበረው። የዚያ መንደር ሰዎች ናቱፋውያን ይባላሉ። ገና አላረሱም፤ ነገር ግን የዱር ገብስና ስንዴ እየለቀሙ በአንድ ቦታ መርጋት ጀምረው ነበር። በድንጋይ መሠረት ላይ ቤት ሠርተዋል፣ እህል ወቅጠዋል፣ ሙታናቸውን ከቤታቸው ሥር ቀብረዋል። የእርሻ ኑሮ ሊወለድ በተቃረበበት በዚያ ስፍራ ውሻ ቀድሞ ደርሷል።

በጓሳ ሜዳ የሚታየው

አውሬ ከሌላ ፍጡር ጋር እንዴት ተቻችሎ ይውላል? የዚህን ጥያቄ አንድ መልስ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከቢቸና ዓባይን ተሻግሮ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ የጓሳ ሜዳ አለ። ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ የሣር ምድር ነው። በዚያ ሜዳ ጭላዳዎች በመቶ እየሆኑ ሣር ይነጫሉ፤ በመሐላቸው ቀይ ቀበሮ ረጋ ብሎ ይራመዳል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የተመራማሪዎች ጥናት ምክንያቱን በቁጥር አስቀምጧል። ቀይ ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶ ያህሉ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶ ያህሉ ብቻ። መንጋው ሲግጥ አይጦቹ ከጉድጓዳቸው እየተረበሹ ይወጡ ይሆናል፣ ወይም በመንጋው መሐል ቀበሮውን አይለዩት ይሆናል። ለዚህ ትርፍ ግን ቀበሮው ዋጋ ይከፍላል። በቀላሉ ሊነጥቀው የሚችለውን የጭላዳ ግልገል አይነካም፤ ሲራመድም ሮጥ ሳይል፣ ሳያደፍጥ ነው። አንድ ቀን ቢደፍር መንጋው ሁሉ ይሸሸዋል፣ የነገ አደኑም ይበላሻል።

አንዳንድ ተመራማሪዎች የውሻ ታሪክ መነሻ እንዲህ ያለ መቻቻል ሳይሆን እንዳልቀረ ያስባሉ። ከተኩላዎች መካከል ፍርሃታቸው ያነሰ፣ ቁጣቸውም የቀዘቀዘ ጥቂቶቹ ወደ ሰው ሰፈር ቀረቡ። ልጅ ያልነከሱት ተረፉ። የነከሱት ተገደሉ። የተረፉት ወለዱ። ሰው መጀመሪያ ላይ ምንም ማቀድ አላስፈለገውም።

ምን ሊበሉ ቀረቡ ለሚለው ሁለት መልስ አለ። አንደኛው ሬይመንድ እና ሎርና ኮፒንገር የተባሉት ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ያስፋፉት ነው፤ ተኩላውን የሳበው የመንደር ጥራጊና ፍርፋሪ ነው ይላል። ችግሩ ከ14,000 ዓመት በፊት የረጋ መንደር ብርቅ መሆኑ ነው። ሁለተኛውን እ.ኤ.አ. በ2021 ማሪያ ላህቲነን የተባለች ፊንላንዳዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር አቅርባለች። በበረዶው ዘመን ክረምት የሚታደነው እንስሳ ስብ የሌለው፣ ቀይ ሥጋ ብቻ ይሆናል። የሰው ጉበት ደግሞ ቀይ ሥጋ ብቻ ሲበላ ለረጅም ጊዜ አይችለውም፤ ተኩላ ግን ይችላል። ስለዚህ ሰው የማይበላው ትርፍ ሥጋ ነበረው፤ ተኩላም ያንን ቢበላ ከሰው አፍ አይነጥቅም። በሁለቱም መልስ ግን መሠረቱ አንድ ነው፤ የአንዱ ትርፍ የሌላው እራት ሆነ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረታችን ይህን ረጅም ታሪክ በሦስት ቃላት ይዞታል።

ፍርሃትና ቁጣ በትውልድ ይቀንሳል ወይ ለሚለውም ምላሽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1959 ዲሚትሪ ቤልያዬቭ የተባለ ሶቭየታዊ ሳይንቲስት በሳይቤርያ የቀበሮ እርባታ ላይ ሙከራ ጀመረ፤ ከእሱ በኋላ ሉድሚላ ትሩት ለአሥርት ዓመታት መራችው። መመዘኛው አንድ ብቻ ነበር፤ ሰውን የማይፈራና የማይናከስ ቀበሮ ይመረጣል፣ እሱ ይዋለዳል። ጥቂት ትውልድ ሳይቆይ ሰው ሲያዩ ጭራቸውን የሚቆሉ ቀበሮዎች ተወለዱ። ቀጥሎ ጆሮው የሚንጠለጠል፣ ቆዳው ቡራቡሬ የሆነ ታየ። የተመረጠው ጠባይ ብቻ ነበር፤ መልኩ ግን ጠባዩን ተከትሎ መጣ።

ጅብን ከውሻ ጎን ብናቆመው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ጅብም ከእኛ ትርፍ ይበላል። በትግራይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በዐቢይ ጾም ሥጋ መታረድ ሲቀር፣ የአጥንቱ ጥራጊም ሲጠፋ፣ ጅቡ ፊቱን ወደ አህያ እንደሚያዞር አሳይቷል። በጅብ ኩስ ውስጥ የተገኘው የአህያ ፀጉር ከጾሙ በፊት ከነበረበት 15 በመቶ ገደማ በጾሙ ወቅት ወደ 33 በመቶ አሻቅቧል። ጅብ ትርፋችንን ይፈልጋል፤ ትርፉ ሲያልቅ ግን እኛኑ ይነጥቀናል። ውሻ አጥሩን የተሻገረው ሲርበውም ስላልነጠቀ ነው።

እንጀራ የሚበላ ተኩላ

አሁን ወደ ተረታችን እንመለስ። በጎጃም ገበሬ ቤት ያለ ውሻ ምን ይበላል? ቤቱ የሚበላውን ነው፤ የእንጀራ ቁራሽ፣ የቂጣ ፍርፋሪ፣ ከመሶብ የተረፈ። አጥንት የሚያገኘው ለበዓል፣ ለድግስና ለተዝካር ነው። የሚጾም ምእመን በዓመት ወደ 180 ለሚጠጉ ቀናት ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይከለከላል፤ የእርሱ ውሻም አብሮት ይጾማል ማለት ይቻላል። ሥጋ በል የሆነ የተኩላ ልጅ በጤፍ እንጀራ ሁለት ወር እንዴት ይከርማል?

መልሱ እ.ኤ.አ. በ2013 ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ መጣ። ኤሪክ አክሰልሰንና ባልደረቦቹ የ12 ተኩላና የ60 ውሻ ዘረ መል አነጻጸሩ። የእህልን ስታርች ወደ ስኳር የሚፈጨው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም የሚታዘዝበት ጂን በተኩላ ሁለት ቅጂ ብቻ ነው ያለው። በውሻ ግን ከ4 እስከ 30 ቅጂ ተገኘ። ቅጂው ሲበዛ ኢንዛይሙ ይበዛል፤ ኢንዛይሙ ሲበዛ እህል ሆድን ይሞላል። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶች ሁለት ነገር ጨመሩ። ቅጂው የበዛው በእርሻ አገሮች ባሉ ውሾች ዘንድ ነው፤ ከአዳኝና ከዓሣ አጥማጅ ሕዝብ ጋር በኖሩት የሰሜን ዋልታ ውሾችና በአውስትራሊያው ዲንጎ አነስተኛ ነው። ከ7,000 ዓመት በፊት በእርሻ መንደር ይኖሩ በነበሩ ውሾች አጥንት ላይም ጭማሪው ታይቷል።

ይህ ለውጥ በሰውም ላይ ደርሷል። እህል በብዛት የሚበሉ ሕዝቦች በምራቃቸው ያለውን አሚሌዝ የሚያዝዘው ጂን ቅጂ፣ እህል ከማይበሉት ይልቅ በዛ ያለ ነው። አንድ ማሳ፣ አንድ ማጀት፣ አንድ ምሳ ሁለቱን ፍጥረት በአንድ አቅጣጫ ለወጣቸው። እንግዲህ «ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» ላለን ሰው የውሻው አንጀት መልስ አለው።

ወደ ጎጃም የመጣበት መንገድ

ውሻ በአፍሪካ አልተላመደም፤ ተላምዶ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ2020 የ27 ጥንታዊ ውሾችን ዘረ መል ያጠኑ ሳይንቲስቶች፣ ከ11,000 ዓመት በፊት ውሻ ቢያንስ በአምስት ዋና ዋና ዘሮች ተከፍሎ እንደነበር አሳይተዋል። ከሰሃራ በስተደቡብ ያሉ የአፍሪካ ውሾች በዋናነት የሚመዘዙት በዮርዳኖስና በሶርያ አካባቢ ከነበረው ወገን ነው፤ ከዐይን ማላሐው ቡችላ አገር ማለት ነው። በአፍሪካ ምድር ከተገኙት ጥንታዊ የውሻ አጥንቶች መካከል የግብፁ መሪምዴ መንደር አጥንት ከ6,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ያ መንደር የገበሬዎችና የአርቢዎች ነበር። ውሻው ከበጉ፣ ከፍየሉና ከእህሉ ጋር አንድ ጓዝ ሆኖ ወደ ደቡብ ወረደ።

ስሙም የጉዞውን ነገር ያስታውሳል። ግእዝ «ከልብ» ይለዋል፣ ትግርኛ «ከልቢ»፣ ዐረብኛም «ከልብ»። አማርኛ ግን ይህን የሴም ቃል ትቶ «ውሻ» አለ፤ ለዚህ የሚቀርበውን ስም በሲዳማ ቋንቋ እናገኘዋለን። ስለዚህ ውሻን ስንጠራ ከኩሽ ጎረቤቶቻችን ጋር የተካፈልነውን ቃል እንናገራለን።

ደጃፍ ላይ የቆመው ሕግ

ውሻ ለቀደሙት ማኅበረሰቦች ምን ጨመረላቸው? በመጀመሪያ እንቅልፍ ጨመረላቸው። ጆሮው ከእኛ በብዙ የሚበልጥ ጠባቂ ደጅ ካደረ፣ ሰው ሌሊቱን ሙሉ በፈረቃ መቀመጥ አያስፈልገውም። ቀጥሎ ድንበር አሰመረ። ውሻ የሚጮኸው ከአጥሩ ወዲህ ላለው ነው፤ የእኔና የአንተ የሚባለው ነገር ሲወለድ ደጃፉ ላይ ቆሞ የሚያውጅ ድምፅ ነበረው። ሦስተኛ፣ ሕፃን ልጅ እረኛ መሆን ቻለ። በምሥራቅ ጎጃም መስክ ላይ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ በግና ፍየል ይዞ ሲውል፣ «ጃዝ!» የሚለው አንድ ቃል ከትልቅ ሰው ክንድ ይቆጠርለታል። አዋቂው ደግሞ ያን ቀን ያርሳል።

በምላሹ የሰጠነው ክብር ግን የተደባለቀ ነው። ውሻ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት የንጽሕና ወሰን አለበት፤ ወደ ቅድስናው ስፍራ አይቀርብም። ያም ሆኖ ሁለቱም ቅዱስ መጻሕፍት በመልካም ያስታውሱታል። ቤተ ክርስቲያናችን ከ81ዱ መጻሕፍት በምትቆጥረው በመጽሐፈ ጦቢት፣ ልጁ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ረጅም መንገድ ሲጓዝ ውሻው ይከተለዋል። በቁርኣን የዋሻው ባልደረቦች ለዘመናት በተኙበት ዋሻ ደጃፍ ላይ ውሻቸው እግሮቹን ዘርግቶ አብሯቸው ነበር። በሁለቱም ታሪክ የውሻው ቦታ ያው ነው፤ ከሰው ኋላ ወይም ደጃፍ ላይ።

የውሉ የእኛ ድርሻ

ይህ ሁሉ ዘመን የቆየ ውል የሚፈርስበት አንድ ነገር አለ፤ የእብድ ውሻ በሽታ። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት የበሽታውን ታሪክ በአገራችን አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በወሎና በጎጃም ብርቱ ወረርሽኝ እንደነበር ተመዝግቧል። ዛሬም በሽታው በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው በውሻ ንክሻ ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው፣ እነዚያው ከውሻ ጋር መስክ የሚውሉት።

ዳፋው ለዱሩም ተርፏል። ከቢቸናና ከሞጣ በላይ በሚታየው፣ ሙጋና ሱሃ በሚመነጩበት በጮቄ ተራራ ቀይ ቀበሮ ይኖር ነበር፤ ዛሬ ከጎጃም ምድር ጠፍቷል። በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት ለአቅመ መውለድ የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ። እርሻው ሽቅብ እየወጣ መኖሪያቸውን አጠበበ፤ የእርሻው ተከታይ የሆነው ውሻ ደግሞ ክትባት ስለሌለው በሽታውን ይዞላቸው ወጣ። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ የቀይ ቀበሮ መንጋ ጨርሷል። ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ተመልሷል።

መፍትሔው ይታወቃል፣ ከባድም አይደለም። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። የላቲን አሜሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በዘመቻ እየከተቡ በሰው ላይ የሚደርሰውን ከ95 በመቶ በላይ ቀንሰዋል። ውሻን በመርዝ መግደል ይህን አላመጣም፤ የሞተው ባዶ ያደረገውን ቦታ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይይዘዋል።

ኦበርካሰል ላይ የተቀበረውን ቡችላ ያስታመመው ሰው ክትባት አልነበረውም፤ እጁና ትዕግሥቱ ብቻ ነበሩት። እኛ ከእርሱ የበለጠ አለን። ስለዚህ ይህን የሚያነብቡ የገበሬ ልጅ፣ መምህር፣ የቀበሌ ሠራተኛ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሁሉ፣ የደጃፍዎ ውሻ በዚህ ዓመት መከተቡን ይጠይቁ። የውሻ ክትባት ወደ ወረዳዎ ሲመጣ ጎረቤትዎንም ይቀስቅሱ። ሰው በውሻ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም።